ጥፍር ከሥጋው ሲላቀቅ፦ ፈንገስ መሆን አለመሆኑን የመለየትና የማከም ዝርዝር መመሪያ

ጥፍር ከጫፉ ጀምሮ ከሥሩ ካለው ሥጋ ሲላቀቅ ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው ፈንገስን ነው። የፈንገስ ቅባት ይገዛል፣ ለወራት ይቀባል፣ ጥፍሩ ግን እንደተላቀቀ ይቀራል። ይህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ነገሮች በአንዱ ነው። ወይ መላቀቁ ከመጀመሪያውም ከፈንገስ የመጣ አይደለም፤ ወይ ደግሞ ፈንገስ ቢኖርም መድኃኒቱ እሱ ጋ አይደርስም። በተላቀቀው ጥፍርና በሥጋው መካከል የሚፈጠረው ክፍተት አየርና ፍርፋሪ ብቻ ስለሆነ፣ ከላይ የተቀባ ነገር ያንን ተሻግሮ ፈንገሱን አያገኘውም።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር ቁርጥ አድርጎ ማወቅ ያስፈልጋል። አንዴ የተላቀቀ ጥፍር ተመልሶ አይጣበቅም። ሕክምናው የሚደክመው ከሥር አዲስ የሚበቅለው ጥፍር ሥጋውን ይዞ እንዲመጣ ነው። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ ሙሉ በሙሉ ለመተካት 6 ወር ያህል ይፈልጋል። የእግር ጥፍር በወር ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚያድግ የአውራ ጣት ጥፍር እስኪተካ ከ12 እስከ 18 ወር ይወስዳል። በሦስት ሳምንት ለውጥ የሚጠብቅ ሰው ጥሩ እየሠራ ያለ ሕክምና ያቋርጣል፤ የምናዝነውም በብዛት በዚህ ነው።

ፈንገስ ጥፍርን የሚያላቅቀው እንዴት ነው?

ከጥፍሩ ነጭ ጫፍ በታች ጥፍሩና የጣቱ ቆዳ የሚገናኙበት ጠባብ መስመር አለ። ይህ መስመር ውኃና ተሕዋስያን ወደ ውስጥ እንዳይገቡ የሚዘጋ ነው። ጫማ ደጋግሞ ሲገፋው፣ ሹል ነገር ሲገባበት ወይም ረጅም ጥፍር ሲጠመዘዝ ይከፈታል። በእግር ቆዳ ላይ የቆየ ፈንገስ በዚያ ይገባል። በጣም የተለመደው ትራይኮፋይተን ሩብረም የሚባለው ሲሆን፣ በእግር ጣቶች መካከል መላጥና ማሳከክ የሚያመጣውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። እንዲህ ያሉ ፈንገሶች ደርማቶፋይት ይባላሉ፤ ምግባቸው ኬራቲን፣ ማለትም ጥፍር፣ ፀጉርና የላይኛው ቆዳ የተሠሩበት ፕሮቲን ነው።

ፈንገሱ ከገባ በኋላ ጥፍሩን ከታች በኩል ይበላል። ከሥር ያለው ቆዳ በበኩሉ ተቆጥቶ በፍጥነት ይባዛል፣ ይወፍራል፣ ይፈረፈራል። ያ ቢጫማ ፍርፋሪ እየተከማቸ ጥፍሩን ወደ ላይ ያነሳዋል። ጥፍሩ ወደ ፊት ያድጋል፤ ፈንገሱ ግን ወደ ኋላ፣ ወደ ጥፍሩ መብቀያ ይጓዛል። የመላቀቁ ድንበር በየወሩ ወደ ሥሩ የሚጠጋው በዚህ ምክንያት ነው።

በእጅ ጥፍር ላይ ግን ነገሩ ብዙውን ጊዜ በተቃራኒው ይሄዳል። ጥፍሩ በመጀመሪያ በውኃ፣ በሳሙና ወይም በግጭት ይላቀቃል፤ ካንዲዳ የሚባለው እርሾ ወይም ባክቴሪያ በኋላ ክፍተቱ ውስጥ ይሰፍራል። ከእጅ ጥፍር ሥር በተወሰደ ናሙና ላይ ካንዲዳ ተገኘ ማለት ካንዲዳ አላቀቀው ማለት አይደለም። እጁ በውኃ መዋሉን ካልቀነሰ ፀረ ፈንገስ ብቻውን ለውጥ አያመጣም። ይህን ልዩነት አጥብቀን የምናነሳው ለወራት ያለ ጥቅም የሚወሰድ ክኒን የሚመጣው እዚህ ላይ ካለ ስህተት በመሆኑ ነው።

ደረጃ 1፦ ጥፍሩን በደንብ መመልከት

የጥፍር ቀለም ካለ ሙልጭ አድርገው ያስለቅቁ። በቀን ብርሃን ወይም በጠንካራ መብራት ሥር፣ የሚቻል ከሆነ በማጉያ መነጽር፣ የእጅና የእግር ጥፍሮችን ሁሉ አንድ በአንድ ይዩ። የታመመውን ብቻ ማየት በቂ አይደለም።

በመጀመሪያ ድንበሩን ይመልከቱ፤ ማለትም ሮዝ የሆነው የተጣበቀ ክፍልና ነጭ ወይም ቢጫ የሆነው የተላቀቀ ክፍል የሚገናኙበትን መስመር። መስመሩ ለስላሳና እኩል ቅስት ከሆነ፣ ጥፍሩም ካልወፈረ፣ ከግጭት ወይም ከውኃ የመጣ የመሆኑ ዕድል ከፍ ያለ ነው። መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆራረጠ ሆኖ ወደ ጥፍሩ ሥር የሚዘልቁ ቢጫ ወይም ነጭ ሹል ጭረቶች ካሉት ፈንገስን ይጠርጥሩ። በቅርብ ሲታይ ፈንገስን ከሌላው በይበልጥ የሚለየው ምልክት ይህ ነው።

ቀጥሎ ከሥሩ ምን እንዳለ ይዩ። ንጹሕ ክፍተት ብቻ ከሆነ ነጭ ሆኖ የሚታየው አየሩ ነው። ቢጫማ፣ ደረቅ፣ የሚፈረፈር ነገር ከታጨቀበት ወይ ፈንገስ ነው ወይ ሶሪያሲስ የሚባለው ቆዳን የሚያቀላና የሚያላጥ ሕመም። ሶሪያሲስ ሲሆን በጥፍሩ ገጽ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይኖራሉ፤ የተላቀቀውንም ክፍል ቀላ ያለ ጠርዝ ይከበዋል፣ አንዳንዴም የዘይት ጠብታ የመሰለ ቡናማማ ነጥብ ከጥፍሩ ሥር ይታያል። ክርንን፣ ጉልበትንና የራስ ቅልን አብሮ ማየት ይረዳል።

አረንጓዴ ቀለም የፈንገስ አይደለም። ሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ በእርጥቡ ክፍተት ውስጥ ገብቶ የሚተወው ቀለም ነው።

ከዚያ እግርን ይፈትሹ። በአራተኛውና በትንሹ ጣት መካከል ነጣ ብሎ የሚላጥ ቆዳ፣ ወይም በውስጥ እግር መስመሮች ውስጥ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ድርቀት ካለ ፈንገሱ ከየት እንደመጣ ታውቋል። ደርማቶፋይት የእጅ ጥፍርን ብቻውን የሚይዘው ጥቂት ጊዜ ነው። ሁለቱም እግሮችና አንድ እጅ ብቻ ተይዘው መገኘታቸው ግን በጣም የታወቀ የፈንገስ መልክ ነው። እግሩ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ የእጅ ጥፍሮች ብቻ ከተላቀቁ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይሻላል።

ብዙ ጥፍሮች በአንድ ጊዜ ከተላቀቁ ወደ ሰውነት ውስጥ ችግር ወይም ወደ መድኃኒት ይሂዱ። የታይሮይድ ሆርሞን መብዛት ጥፍር ያላቅቃል። ዶክሲሳይክሊንና ሌሎች የቴትራሳይክሊን ቤተሰብ መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ለጠንካራ ፀሐይ ከተጋለጠ ጥፍሩ ሊላቀቅ ይችላል፤ ዶሴታክሰልንና ፓክሊታክሰልን የመሳሰሉ የካንሰር መድኃኒቶችም እንዲሁ። ጄልና አክሪሊክ ጥፍር ካሠሩ በኋላ ማሳከክና መላቀቅ ከመጣ የአለርጂ ጥያቄ ይነሳል።

ደረጃ 2፦ በላቦራቶሪ ማረጋገጥ

በዓይን ሲታይ የፈንገስ ከሚመስለው የታመመ ጥፍር ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው ፈንገስ ሆኖ የሚገኘው። ክኒኑ ለወራት የሚወሰድና ጉበትን የሚመለከት ስለሆነ ያለ ምርመራ መጀመር ተገቢ አይደለም። ምርመራው ራሱ ቀላል ነው፤ የሚበላሸው ናሙናው ላይ ነው።

የሚቀባ ፀረ ፈንገስ እየተጠቀሙ ከሆነ ናሙና ከመስጠትዎ ከ2 እስከ 4 ሳምንት በፊት ያቁሙ። የሚዋጥ ከሆነ ክፍተቱ ከዚህ ይረዝማል፤ ቀኑን ሐኪሙ ይወስን። ጥፍሩና ዙሪያው በ70 በመቶ አልኮል ተጠርጎ ይድረቅ። ከዚያ የተላቀቀው ጫፍ ተቆርጦ ይወገድና፣ ናሙናው ከድንበሩ አጠገብ፣ ጥፍሩ ገና ከተጣበቀበት መስመር ጥግ ካለው ፍርፋሪ ይወሰዳል። ጫፉ ላይ ያለው ፍርፋሪ ለመውሰድ ይቀላል፤ ነገር ግን እዚያ ያለው ፈንገስ ብዙ ጊዜ የሞተ ነው፣ የአካባቢ ሻጋታና ባክቴሪያም ይቀላቀልበታል። ሕያው ፈንገስ የሚገኘው ወደፊት እየገፋ ባለበት ድንበር ላይ ነው። ናሙናው በዛ ያለ ይሁን፤ በደረቅ ወረቀት ወይም በደረቅ ዕቃ ይቀመጥ። እርጥበት ካገኘ ባክቴሪያ ይወርሰዋል።

ምርመራዎቹ አንድ ዓይነት ጥያቄ አይመልሱም። ኬኦኤች በሚባል ኬሚካል ተሟሙቶ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ናሙና በዚያው ቀን ውጤት ይሰጣል፤ የፈንገስ ክር መኖሩን ይናገራል፣ የትኛው ፈንገስ እንደሆነና ሕያው መሆኑን ግን አይናገርም። ካልቸር፣ ማለትም ፈንገሱን በላቦራቶሪ ማሳደግ፣ ዓይነቱን ይለያል፤ ውጤቱ እስከ 4 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። የተቆረጠ ጥፍር በልዩ ቀለም ተነክሮ በፓቶሎጂ ሲታይ ፈንገስን የማግኘት አቅሙ ከፍተኛ ነው። የፈንገሱን ዘረመል የሚፈልገው ፒሲአር በጥቂት ቀን ዓይነቱን ይነግራል፤ ሆኖም የሞተ ፈንገስንም ሊያሳይ ይችላል።

አንድ ጊዜ ፈንገስ የለም ተብሎ መልክና ምልክቱ ፈንገስ ከሆነ ምርመራው ይደገም። በናሙና አወሳሰድ ጉድለት የሚያመልጥ ፈንገስ ጥቂት አይደለም።

ደረጃ 3፦ የተላቀቀውን ክፍል መቁረጥ

ምክንያቱ ፈንገስም ይሁን ግጭት ይህ ደረጃ አይቀርም። ከሁሉም ደረጃዎች ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ከመድኃኒቱ እኩል የሚያስፈልገውም እሱ ነው። የተላቀቀው ጥፍር እንደ ዘንግ ሆኖ በካልሲና በልብስ በተያዘ ቁጥር ድንበሩን ወደ ኋላ ይቀደዋል። ከሥሩም እርጥበት አፍኖ ይይዛል።

የስኳር በሽታ ያለበት፣ እግሩ የደነዘዘ፣ የደም ዝውውሩ ደካማ የሆነ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን በራሱ አይሞክር፤ በጤና ባለሙያ ያስቆርጥ። ለሌላው ሰው አሠራሩ እንዲህ ነው።

ትንሽ ቀጥ ያለ አፍ ያለው ጥፍር መቁረጫ፣ ሞረድ፣ 70 በመቶ አልኮልና ጥጥ ያዘጋጁ። መቁረጫውን በአልኮል ይጥረጉና ያድርቁ። ጥፍሩ ወፍራምና ደረቅ ከሆነ እግሩን ለብ ባለ ውኃ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይዘፍዝፉ፤ ስስ ከሆነ ደረቁን ይቁረጡ።

ከአንዱ ጎን ይጀምሩና በትንሽ በትንሹ ይሂዱ፤ በአንድ ንክሻ ከሁለት ሚሊ ሜትር አይበልጥ። የመቁረጫው የታችኛው ምላጭ ያለ ምንም ግፊት በተላቀቀው ጥፍር ሥር መግባት አለበት። መግፋት ካስፈለገ ወይም ካመመ ድንበሩ ላይ ደርሰዋል፤ እዚያ ያቁሙ። ከድንበሩ አንድ ሚሊ ሜትር ቢቀር ምንም አይደለም። በጎን በኩል ሹል ቁራጭ እንዳይቀር ልብ ይበሉ፤ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ቁስል ይሆናል። ጠርዙን በሞረድ ወደ አንድ አቅጣጫ ያለስልሱ። ጥፍሩ ከላይ ወፍራም ከሆነ ገጹንም በሞረድ ያሳሱ፤ ዱቄቱን ላለመተንፈስ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ።

የተጋለጠውን ቆዳ በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና በቀስታ ይጠቡ። በጥርስ መጎርጎሪያ፣ በመርፌ ወይም በሞረድ ጫፍ ከሥር መጎርጎር በፍጹም አይገባም። ቆሻሻውን እናወጣለን ሲሉ ድንበሩን በእጅዎ ወደ ውስጥ እየገፉት ነው። ሲጨርሱ ጠብ ጠብ አድርገው ያድርቁ። የፀጉር ማድረቂያን በቀዝቃዛ አየር መጠቀም ክፍተቱ ውስጥ የቀረውን እርጥበት በደንብ ያወጣል።

በየሁለት ሳምንቱ ይደገም። የተጋለጠው ቆዳ መጀመሪያ ይቆጠቁጣል፤ በቀናት ውስጥ ይጠነክራል። ለፈንገስ ጥፍር የሚሆን መቁረጫና ሞረድ ለሌላ ጥፍር አይሁን፤ ለሌላ ሰውም አይሰጥ።

ጥፍሩ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ 40 በመቶ ዩሪያ ያለው ቅባት ያለሰልሰዋል። በዙሪያው ያለውን ጤነኛ ቆዳ በቫዝሊን ይከልሉ፤ ዩሪያውን ጥፍሩ ላይ ብቻ በወፍራሙ ይቀቡና በፕላስተር ይሸፍኑ። በየቀኑ እያጠቡና እያደሱ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ከቆዩ በኋላ የታመመው ክፍል ለስልሶ ስለሚነሳ በቀላሉ ይፋቃል። ጤነኛውን ጥፍር ብዙም አይነካውም። ሐኪሞች ጥፍሩን በቀዶ ሕክምና ከማንሳት ይልቅ ይህን የሚመርጡት ለመብቀያው ስለሚራራ ነው።

መላቀቁን ለዓመታት መተው ሌላ ጉዳት አለው። ከሥር ያለው ሥጋ ጥፍር ሳይሸፍነው ሲቆይ እንደ ተራ የጣት ቆዳ ይጠነክራል፣ እየጠበበ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ፈንገሱ ቢጠፋም አዲሱ ጥፍር የሚይዘው ቦታ አያገኝም። ስለዚህ ገና ጫፉ ሲላቀቅ መጀመር ያዋጣል።

ደረጃ 4፦ ማድረቅ

የእጅ ጥፍር ከሆነ ግማሹ ሕክምና ይህ ነው። ዕቃና ልብስ ሲያጥቡ፣ ሲያጸዱ፣ ከኬሚካል ጋር ሲሠሩ ከውስጥ የጥጥ፣ ከላይ የጎማ ጓንት ያድርጉ። የጎማ ጓንት ብቻውን ላብ ስለሚያፍን ከውኃው የተሻለ አይሆንም። የጥጡ ጓንት ሲረጥብ ይቀየር። አዲሱ ጥፍር ሙሉ በሙሉ እስኪይዝ ድረስ ጥፍርዎን አጭር ያድርጉ፤ ጄልና አርቴፊሻል ጥፍር ይቅሩ።

አረንጓዴ ቀለም ካለ ከቆረጡ በኋላ 1 እጅ ነጭ አቼቶ ከ4 እጅ ውኃ ጋር ቀላቅለው ጣቱን በቀን ሁለት ጊዜ ለ5 ደቂቃ ይንከሩ፤ ከዚያ በደንብ ያድርቁ። ባክቴሪያው አሲድና ድርቀት አይወድም። በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ አዲስ አረንጓዴ መውጣቱ ይቆማል። ጥፍሩ ውስጥ የሰረገው ቀለም ግን አድጎ እስኪቆረጥ ይቆያል፤ ሕክምናው አልሠራም ማለት አይደለም። ያልተቀላቀለ አቼቶ ቆዳ ያቆስላል።

ደረጃ 5፦ መድኃኒት መምረጥ

ምርመራው ፈንገስ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ጥያቄው የሚቀባ ወይስ የሚዋጥ የሚለው ነው። የተያዘው ከጥፍሩ ግማሽ በታች ከሆነ፣ መብቀያው አካባቢ ንጹሕ ከሆነ፣ የተያዙት ጥፍሮችም ሁለት ሦስት ከሆኑ የሚቀባው ሊበቃ ይችላል። ከዚያ ካለፈ የሚዋጠው ያስፈልጋል።

ለቆዳ የሚሆን ክሬም፣ ለምሳሌ ክሎትሪማዞል፣ በጥፍር አያልፍም። ለጥፍር የተዘጋጀው እንደ ጥፍር ቀለም የሚቀባው ወይም ጠብታው ነው። አሞሮልፊን 5 በመቶ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይቀባል፤ ለእጅ ጥፍር 6 ወር፣ ለእግር ጥፍር ከ9 እስከ 12 ወር። ሳይክሎፒሮክስ 8 በመቶ በየቀኑ እስከ 48 ሳምንት ይቀባል፤ የተደራረበው ሽፋን በሳምንት አንድ ጊዜ በአልኮል ይነሳል። ኢፊናኮናዞል 10 በመቶ ጠብታ በየቀኑ ለ48 ሳምንት ነው። በሁሉም ቢሆን ጥፍሩ ተቆርጦ፣ ሳስቶ፣ ደርቆ ይቀባ፤ ከገጹ በተጨማሪ ጠርዙና ከጫፉ በታች ያለው ቦታም ይዳረስ። ከተቀባ በኋላ ቢያንስ ለተወሰኑ ሰዓታት ውኃ አይንካው፤ ማታ ከመተኛት በፊት መቀባት የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ከሚዋጡት ለደርማቶፋይት የሚቀድመው ተርቢናፊን ነው። ለአዋቂ በቀን 250 ሚሊ ግራም፤ ለእጅ ጥፍር 6 ሳምንት፣ ለእግር ጥፍር 12 ሳምንት። ከመጀመሩ በፊት የጉበት ምርመራ ይደረጋል፤ የጉበት በሽታ ያለበት ሰው አይወስደውም። ሽንት ሲጠቁር፣ ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ የምግብ ፍላጎት ሲጠፋ ወይም ያለ ምክንያት ድካም ሲበረታ ክኒኑን ወዲያው አቁሞ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ምግብ ጣዕም የለሽ መሆኑም የሚታወቅ ጉዳቱ ነው፤ ቶሎ ካልቆመ ለረጅም ጊዜ ሊዘልቅ ይችላል። ከአንዳንድ የድብርትና የልብ መድኃኒቶች ጋር ስለሚጋጭ የሚወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ኢትራኮናዞል ካንዲዳንም ደርማቶፋይትንም ይመታል። አንዱ አወሳሰድ 200 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለአንድ ሳምንት ወስዶ ሦስት ሳምንት ማረፍ ነው፤ ለእጅ ጥፍር ሁለት ዙር፣ ለእግር ጥፍር ሦስት ዙር። እንክብሉ ከምግብ ጋር ይዋጣል። የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት አብሮ ከተወሰደ በደንብ አይሰርግም፤ ብዙ ሰው ክኒኑ ከንቱ ሆነብኝ የሚለው በዚህ ነው። የልብ ድካም ላለበት አይሰጥም፤ ሲምቫስታቲንን ከመሳሰሉ የኮሌስትሮል መድኃኒቶችም ጋር አይገናኝም። ፍሉኮናዞል በሳምንት አንድ ጊዜ ለወራት የሚወሰድ ሌላ አማራጭ ነው። ኬቶኮናዞል ክኒን በጉበት ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ምክንያት ለጥፍር አይመከርም።

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት የሚዋጠውን መጀመር ታዘግይ፤ የጥፍር ፈንገስ ቸኩሎ የሚታከም አይደለም። እስከዚያው መቁረጥና ማድረቅ በቂ ነው።

ደረጃ 6፦ መሥራት አለመሥራቱን መከታተል

12 ሳምንት ክኒን ውጦ ሲጨርስ ጥፍሩ ገና ግማሹ ቢጫ ሆኖ ያየ ሰው ሕክምናው እንደከሸፈ ያስባል። አልከሸፈም። መድኃኒቱ ጥፍሩ ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ የታመመውም ክፍል በእድገት ተገፍቶ እስኪወጣ ጊዜ ይፈልጋል።

በግምት ከመኖር የሚሻል ዘዴ አለ። ሕክምናው ሲጀመር የሞረዱን ጠርዝ በጤነኛውና በታመመው መካከል ባለው ድንበር ላይ አጋድመው ጥፍሩ ላይ ቀለል ያለ መስመር ይጫሩ፤ ጥልቀቱ በጣት ሲዳሰስ እምብዛም የማይታወቅ ይሁን። መስመሩ ከጥፍሩ ጋር ወደ ፊት ይሄዳል። በየወሩ በአንድ ዓይነት ብርሃንና ርቀት ፎቶ ያንሱ። ቢጫው ከመስመሩ ፊት እንደሆነ ከቀጠለና ከመስመሩ ኋላ ያለው ጥፍር ሮዝ ሆኖ ከመጣ ሕክምናው እየሠራ ነው። ቢጫው መስመሩን አልፎ ወደ ሥሩ ከገባ ፈንገሱ አልቆመም፤ ወደ ሐኪም ተመልሶ ዕቅዱን መቀየር ያስፈልጋል። መስመሩ ራሱ በሦስት ወር ውስጥ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ችግሩ ጥፍሩ አለማደጉ ነው።

በትክክል ተወስዶም የማይሳካበት ጊዜ አለ። በጥፍሩ ውስጥ ቁመቱን ይዞ የሚሄድ ድፍን ቢጫ ወይም ነጭ ጭረት ካለ ፈንገሱ እዚያ ተጠቅጥቆ ተቀምጧል፤ መድኃኒት ስለማይሰርገው ተከፍቶ መፋቅ አለበት። ካንዲዳ ተርቢናፊን ሲሰጠው ብዙም አይበገርም። የደርማቶፋይት ያልሆነ ሻጋታም እንዲሁ ያስቸግራል። ጥፍሩን ያላቀቀው ጠባብ ጫማ ከሆነና አሁንም የሚለበሰው እሱ ከሆነ ደግሞ ፈንገሱ ሞቶ መላቀቁ ይቀጥላል። ጫማው ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ሊኖረው ይገባል።

እግርና ጫማ

ጥፍሩን አክሞ የእግሩን ቆዳ መተው ፈንገሱን መልሶ መጥራት ነው። ተርቢናፊን 1 በመቶ ክሬም በጣቶች መካከልና በውስጥ እግር ላይ በቀን አንድ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት፣ ወይም ክሎትሪማዞል በቀን ሁለት ጊዜ ለ4 ሳምንት ይቀባል። ማሳከኩ በጥቂት ቀን ቢጠፋም ቀኑ ይሙላ። ከታጠቡ በኋላ በጣቶች መካከል ያለውን ውኃ ያድርቁ፤ ለእግር የያዙት ፎጣ ለሌላ አካል አይሁን።

ካልሲ በየቀኑ ይቀየር፣ በ60 ዲግሪ ውኃ ይታጠብ። አንድ ጫማ ሁለት ቀን ተከታትሎ አይደረግ፤ ውስጡ ለመድረቅ ቢያንስ 24 ሰዓት ይፈልጋል። የውስጥ ንጣፉን አውጥቶ ማድረቅ፣ ፀረ ፈንገስ ዱቄት መነስነስ፣ በጣም ያረጀውን መጣል ይጠቅማል። በጋራ መታጠቢያ ቤት በነጠላ ጫማ ይግቡ። ቤት ውስጥ የሚላጥ እግር ያለው ሌላ ሰው ካለ አብሮ ይታከም።

ሳይዘገዩ ሐኪም ማየት የሚያስፈልግባቸው ምልክቶች

የስኳር ሕመምተኛ ሆኖ በተላቀቀ ጥፍር ዙሪያ መቅላት፣ ማበጥ፣ ሙቀት ወይም መግል ካየ ቀን አይቆጠርም፤ በዚያው ዕለት ይታይ። አንድ ጥፍር ብቻ ለረጅም ጊዜ ተላቆ ሕክምና እምቢ ካለ፣ በተለይ ካመመ፣ ከቆሰለ፣ ከደማ ወይም ከሥሩ እብጠት ካለ ናሙና ተወስዶ ካንሰር አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት። በጥፍሩ ቁመት የሚሄድ፣ እየሰፋ የሚመጣ ወይም ወደ ዙሪያው ቆዳ የሚፈስ ጥቁር ወይም ቡናማ መስመርም እንዲሁ። ነጭነቱ ከጫፍ ሳይሆን ከጥፍሩ ሥር፣ ከመብቀያው ከጀመረ ሐኪሙ የሰውነት መከላከያ አቅምን፣ ኤችአይቪንም ጭምር፣ እንዲመረምር ይጠይቁ። ብዙ ጥፍሮች ተላቀው የልብ ምት መፍጠን፣ ክብደት መቀነስና እጅ መንቀጥቀጥ ከታየ የታይሮይድ ምርመራ ይቅደም።

ጥፍሩ ከዳነ በኋላ

ፈንገስ ተመልሶ የመምጣት ልማድ አለው። ጥፍሩ ሙሉ በሙሉ ሮዝ ሆኖ ከተተካ በኋላም የሚቀባውን ፀረ ፈንገስ በሳምንት አንድ ጊዜ ለተወሰኑ ወራት መቀጠል፣ በጣቶች መካከል መላጥ በታየ ቁጥር ወዲያው ክሬሙን መጀመር ያዋጣል። ምርመራው ፈንገስ የለም እያለ አዲሱ ጥፍር ከአንድ ቦታ አልፎ ሥጋውን የማይዝ ከሆነ ክኒን አይደገም። ያ የሥጋው መጥበብ ነው፤ ጥፍሩን እስከሚይዝበት ድረስ አሳጥሮ መያዝና ከውኃና ከግጭት መጠበቅ ይበቃዋል።